ያገለገለ ካርቦን

ፒያሳ ነበር ቢሮዬ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው ፎቅ፤
ታይፒስት ነበርሁ፤ የምትጽፍ፣ የማትጠይቅ።
መኪናዬ ኦሊቬቲ ነች፣ አንዲት ፊደል የጎደላት፤
"ቀ"ን ብነካት ብነካት ብረቷ አልነሣ ያላት።
ስለዚህ በየመስመሩ ክፍት ቦታ እተውና
"ቃል"ንም "ቀይ"ንም በእስክሪብቶ እሞላለሁ እንደገና።

ቢምረው የመጣ ማታ ሰዓት እላፊ ሩብ ቀርቶታል፤
ከጋቢው ሥር፣ ደረቱ ላይ፣ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።
ኦዴሳ ሄዶ የከብት ሕክምና የተማረ ነው፤
ከዚያ በፊት ግን ቆሎ ለምኖ ቅኔ የቆጠረ ነው።
ያወጣው ጥራዝ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣
ስድስተኛ ኮፒ፣ ፊደሉ እንደ ጉም የከሳ።

"ማን ጻፈው?"
"አንድ ሩሲያዊ።
አገሩ እንዲህ ያለ ሰው አልወለድሁም ትላለች፤
መጽሐፏ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሌሊት ሌሊት ትዞራለች።
ለእኔም አንድ ሌሊት ደረሰኝ፤ በነጋታው አውሮፕላን ነበር፤
አልመለስሁትም፣ ውባለም። ዕዳ ነው። አንቺ ጻፊ፣ እኔ ልናገር።"

ታሪኩ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በረዶ ይጠርጋል።
ሌሊት ይወርዳል። ጠዋት ይጠርጋል። ሌሊት ይወርዳል።
ሌላ ነገር የለበትም።
ቢምረው ግን በዚያች ቃል ሦስት ሌሊት ተጨነቀ፤
"የኛ በረዶ ቆርቆሮ ይደበድባል፤ የነሱ ሲወርድ አይሰማም፤
ዝም ብሎ የሚከመርን ነገር ምን ልበለው?" እያለ ደቀቀ።
ከግንቡ በኩል ተኩስ ተሰማ። መብራቱን ዝቅ አደረግሁ።
"በረዶ በይው በቃ" አለ።
እኔም "በረዶ" ብዬ ጻፍሁ።

"ከወዳጅ አገር የመጣ ነው" ብሎ ለሳንሱር ሰጠ። የዋህ!
ሹሙ ደምለው የቅኔ ጓዱ ነው፤ አንድ ጎጆ ያደሩ፣
አንድ ቁንጫ የበላቸው፣ ከአንድ አኩፋዳ የቆነጠሩ።
"ይህ በረዶ ማን ነው?"
"በረዶ ነው።"
"ጠራጊውስ?"
"ጠራጊ።"
"እኔን ነው ቢምረው? ወርቁን አውጣው።"
"ሰም ብቻ ነው፤ እመቤቴን።"
ከአንድ መምህር የተማረን አንባቢ ማን ያሳምነው!
ያልተቀበረ ወርቅ ሲቆፍር አመሸ ደምለው፤
"በረዶ" ያለበትን ሁሉ በቀይ እርሳስ ሰረዘው፤
"በንጹሕ ትገልብጠው" ብሎ ለእኔው መልሶ ላከው።

ገለበጥሁ። ጠራጊው አለ፤ የሚጠርገው የለም።
ሌሊት ይወርዳል፤ ምን እንደሆነ አይጻፍም።
ጠዋት ይጠርጋል፤ ምን እንደሆነ አይጻፍም።
ያን ዘመን በእኛም አስፋልት ጠዋት ጠዋት የሚጠረግ ነገር ነበረ፤
እሱም ስም አልነበረውም።

ደምለው የተገለበጠውን አነበበ። ቆመ። ተቀመጠ።
ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ከገጽ ሦስት ግን አላለፈም፤
መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ቁልፉን ለማንም አልሰጠም፤
ከዚያ ወዲያ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

ቢምረውን መተማ ላኩት፣ ለከብት ክትባት።
አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ ሙቀት።
ሁለተኛው አልመጣም።

ወረቀት ይፈተሻል፤ ያገለገለ ካርቦን ማን ይፈትሻል?
የመጀመሪያው ጽሑፍ ካርቦን ከሣጥኔ ክዳን ሥር አርባ ዓመት አልፎታል።
ክረምት ወጥቶ ፀሐይ ከአንገረብ በኩል ስትመለስ
መስኮቱ ላይ እደግፈዋለሁ፤ አነባለሁ እስክጨርስ።
የተመታ ፊደል ሁሉ ብርሃን ያሳልፋል፤
በረዶውም አለ፣ አንድም አልጎደለም፣ ይወርዳል።
"ቀ" ብቻ ያልተመታች ናት፤ ቦታዋ ጥቁር ነው እስካሁን፤
የ"ቃል"ም ራስ፣ የ"ቀይ"ም ራስ
ለማንም ሳይሰጥ ቀለሙን።